ፊትና አንገት ሳይጣሉ፦ በካርቱም ፀሐይ ሥር ፋውንዴሽን አመራረጥ

ካርቱም ውስጥ ሙግረን በሚባለው ቦታ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ሲገናኙ ውኃቸው ወዲያው አይዋሃድም። በተለይ ክረምት ላይ፣ ጥቁር ዓባይ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ሲደርስ፣ ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲፈሱ በመካከላቸው መስመር ይታያል። ለወንዝ ግርማ ነው፤ ከአገጭ ሥር ሲሰመር ግን ፊትን ከአንገት ይለያል። ብዙ ሴት ይህን መስመር መስታወት ውስጥ ስታይ አቀባቧ የተበላሸ ይመስላትና ስፖንጅና ብሩሽ ትቀይራለች። ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአቀባቡ ሳይሆን ከምርጫው ነው፤ የምርጫው ስህተት ደግሞ የሚጀምረው ፋውንዴሽን ለምን እንደተሠራ ከመዘንጋት ነው። ፋውንዴሽን የፊትን ቀለም ለመለወጥ አይደለም የተሠራው። ብጉር የተወውን ጠባሳ፣ ማዲያትን፣ የዓይን ሥር ጥቁረትን ከቀረው ቆዳ ጋር አንድ ወጥ ለማድረግ ነው። ስለዚህ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በመታየቱ ሳይሆን በመጥፋቱ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ የሚወጣው ከዚህ አንድ ሐሳብ ነው፦ ዳኞችሽ አንገትሽና የቀን ብርሃን ይሁኑ፤ የሱቁ መስታወት፣ የሻጩ ምክርና የጠርሙሱ ስም ከእነሱ በኋላ ይምጡ።

ለሐበሻ ሴት ይህ ምርጫ ካርቱም ላይ ከአዲስ አበባው ይከብዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ካርቱም ግን ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ብቻ ናት። በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ ላብና አቧራ ፊት ላይ ይቦካሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዋዜማ የፈነዳው ጦርነት በዴምና በጂሬፍ ሰፈሮች የነበረውን የሐበሻ ኑሮ በትኖታል፤ ብዙዎች በገላባት በኩል መተማ ገብተዋል፣ ሌሎች ወደ ግብፅ ተሻግረዋል፣ ከተማዋን ሳይለቁ የቆዩም አሉ። በእንዲህ ያለ ዘመን ስለ ፋውንዴሽን መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ብዙ ነገር ያጣች ሴት ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሥራ ወይም ለዘመድ ሠርግ ስትወጣ ፊቷን እንደምትፈልገው ማድረጓ የክብሯ አካል ነው። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ የማይስማማ ጠርሙስ ገዝቶ መጣል ይበልጥ ይጎዳል። አንዴ በትክክል መምረጥ ሦስቴ ከመግዛት ያድናል።

አንደኛ፦ ስሙን ትተሽ ቆዳውን እዪ

አማርኛ የሰውን መልክ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ ይለያል። ሱዳኖች ደግሞ በአረብኛቸው ነጣ ያለውን «አስፈር» ማለትም ቢጫ፣ ጠይም ወደ ጥቁረት ያለውን «አኽደር» ማለትም አረንጓዴ፣ በጣም ጥቁሩን «አዝረግ» ማለትም ሰማያዊ ይሉታል። ሁለቱም ቋንቋዎች ሰውን ለመግለጽ እንጂ ሜካፕ ለመግዛት የተዘጋጁ አይደሉም፤ ሱቅ ውስጥ ቃሉን እንዳለ ስትወስጂው ያሳስትሻል። እኛ «ቀይ» የምንላት ሴት ቆዳዋ ከጥቁሩ ገርጣ ያለ ነው ማለታችን ነው፤ ከቆዳዋ ሥር ያለው ቀለም ግን ብዙ ጊዜ ቢጫ ወይም ወርቃማ ነው። «ቀይ ነኝ» ብላ ወደ ቀይና ሮዝ የሚያደላ ፋውንዴሽን ከገዛች ፊቷ የተቆጣ ይመስላል። በተቃራኒው የሱዳኖቹ «አረንጓዴ» ጠይም ቆዳ ላይ የሚታየውን የወይራ ፍሬ የሚመስል ጥላ በትክክል ያስተዋለ ቃል ነው። እንግዲህ ሁለት ነገሮችን ለይተሽ ያዢ። አንደኛው ቆዳሽ ምን ያህል ገርጣ ወይም ጠቆር ያለ መሆኑ ነው፤ ደረጃ እንበለው። ሁለተኛው ከደረጃው ሥር የሚያበራው ቢጫ፣ ቀይ ወይም ወይራማ ቀለም ነው፤ የቆዳ ሥር ቀለም እንበለው። ሁለት እኅትማማቾች በደረጃ እኩል ሆነው በሥር ቀለም ሊለያዩ ይችላሉ፤ የአንዷ ፋውንዴሽን ለሌላዋ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፦ ከየትኛው ቆዳ ጋር እንደምታስማሚ ወስኚ

ፊት፣ አንገትና ደረት በአንድ ሰው ላይ እንኳ አንድ ዓይነት ቀለም የላቸውም። ካርቱም ላይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ምክንያቱም ከቤት ስትወጪ ሱዳኖች ጠርሃ የሚሉት የራስ መሸፈኛ ወይም ነጠላ ፀጉርሽንና አንገትሽን ይሸፍናል፣ ፀሐይዋ ግን ግንባርሽንና ጉንጭሽን ታገኛቸዋለች። ጸጥ ባለ ሰዓት መስታወት ይዘሽ በመስኮት አጠገብ ቁሚና ግንባርሽን፣ ጉንጭሽን፣ ከመንጋጋሽ ሥር ያለውን ቆዳና ደረትሽን በየተራ እዪ። ለአብዛኛዋ ሴት ትክክለኛው መለኪያ መንጋጋው ከአንገት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ፋውንዴሽኑ የሚያልቀው እዚያ ስለሆነ መስመሩም የሚታየው እዚያ ነው። «አንገቴን ማንም አያየውም፣ ሁልጊዜ ተሸፋፍኜ ነው የምወጣው» የምትል ትኖራለች። ተቃውሞዋ እውነት አለው፤ አንገቱ ተሸፍኖ የሚውል ከሆነ ገርጣ ካለው አንገት ጋር ማስማማት ፊቷን ሊያደበዝዝባት ይችላል። ለእሷ መፍትሔው በጉንጭና በአንገት መካከል ያለውን ደረጃ መምረጥ ነው። ነገር ግን ጠርሃው ነጭ ከሆነ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባት፦ ነጭ ጨርቅ በፊት ዙሪያ ሲሆን በፊት ላይ ያለውን ግራጫነትም ሆነ ቀላነት ያጎላዋል።

እዚህ ላይ የወይባ ጢስ የምትሞቂ ወይም ሱዳኖቹ ዱኻን የሚሉትን የጠለሕ ጢስ የምትወጂ ከሆነ አንድ ነገር አስቢ። ጢሱ ከአንገት በታች ያለውን ቆዳ ለቀናት ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ይለውጠዋል፣ ፊት ግን ብዙ ጊዜ ከጢሱ ውጭ ነው። በዚያ ሳምንት ከደረትሽ ጋር ያስማማሽው ፋውንዴሽን ጢሱ ሲለቅ አይሆንሽም። ስለዚህ ሙከራውን ከጢሱ በፊት ወይም ቆዳሽ ወደ ተፈጥሮው ከተመለሰ በኋላ አድርጊ። ሙሽራ ከሆንሽ ደግሞ በሠርግሽ ቀን ቆዳሽ በጢስ የሞቀ ስለሚሆን፣ ለዚያ ቀን የሚያስፈልግሽን ለብቻው ሞክሪ።

ሦስተኛ፦ የቆዳሽን ሥር ቀለም በማወዳደር ድረሺበት

በየቦታው የሚመከረው መንገድ የእጅ አንጓ ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ማየት ነው፦ አረንጓዴ ከሆኑ ቢጫማ፣ ሰማያዊ ከሆኑ ቀያማ ነሽ ይባላል። ይህ መለኪያ ለነጭ ቆዳ የሚያገለግለውን ያህል ለእኛ አያገለግልም፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን የደም ሥሩን ቀለም ይሸፍነዋል፣ የእጅ አንጓ ቆዳም ከፊት ይለያል። ወርቅ ያምርብሻል ወይስ ብር የሚለውም መለኪያ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ወርቅ የለመደ ዓይን ወርቅ ይመርጣል። የሚያስተማምነው ማወዳደር ነው። በደረጃ እኩል የሆኑ፣ አንዱ ወደ ቢጫ ሌላው ወደ ቀይ የሚያደሉ ሁለት ቀለሞች ውሰጂ፣ መንጋጋሽ ላይ ጎን ለጎን በጣት ስፋት ቀቢያቸው፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ራቂ። የማይስማማሽ ለብቻው ጎልቶ ይወጣል፣ የሚስማማሽ ግን ለመፈለግ ዓይንሽን ያደክማል። ዓይን አንድን ቀለም ለብቻው ሲያይ በቀላሉ ይታለላል፤ ሁለት ቀለም አጠገብ ለአጠገብ ሲቀርቡለት ግን ልዩነቱን ፈጥኖ ይይዛል።

በጠርሙሱ ላይ ያሉት ፊደላት ይረዱሻል፣ ግን በጭፍን አትመኛቸው። ብዙ ኩባንያዎች «ደብልዩ» ሲሉ ቢጫማ ሞቃት፣ «ሲ» ሲሉ ቀያማ ቀዝቃዛ፣ «ኤን» ሲሉ ገለልተኛ ማለታቸው ነው። ማክ የሚባለው ኩባንያ ግን ተቃራኒውን ይጠቀማል፦ «ኤንሲ» ወርቃማ ለሆነ ቆዳ፣ «ኤንደብልዩ» ወደ ሮዝ ለሚያደላ ቆዳ ነው። ከሌላ ኩባንያ «ደብልዩ» የሚስማማት ሴት ማክ ውስጥ ያንኑ ፊደል ፈልጋ ብትገዛ ትሳሳታለች። ቁጥሩም ከኩባንያ ወደ ኩባንያ አይተላለፍም። ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ስድስት ደረጃ ያለውን የፊትዝፓትሪክ መለኪያ ለሜካፕ የሚያመለክቱም አሉ፤ ያ ግን እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ ቆዳ ፀሐይ ላይ ምን ያህል እንደሚቃጠልና እንደሚጠቁር ለመመደብ እንጂ ቀለምን ለማዛመድ አልተዘጋጀም። የሃርቫርዱ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤሊስ መንክ ከጉግል ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መለኪያ አሥር ደረጃ አለው፤ አሥሩም ቢሆን የቆዳውን ሥር ቀለም አይነግርሽም። መለኪያ መነሻ ይሆናል እንጂ መንጋጋሽን አይተካም።

አራተኛ፦ ሦስት ቀለም ይዘሽ ወደ ደጅ ውጪ

በግምት ልክሽ የመሰለሽን አንድ፣ ከእሱ በአንድ ደረጃ የሚገረጣ አንድ፣ በአንድ ደረጃ የሚጠቁር አንድ ምረጪ። ፊትሽ ታጥቦ የደረቀ ይሁን። ሦስቱንም ከጉንጭሽ ታች ጀምረሽ መንጋጋውን አልፎ አንገትሽ ላይ እስኪደርስ በቀጭን መስመር ቀቢ፤ እጅ ጀርባ ላይ መሞከር ግን ተዪ፣ እጅ ከፊት ይልቅ ፀሐይና ሥራ የጎዳው ነው። ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠብቂ። ፈሳሹ ሲተንና ቀለሙ ከፊትሽ ወዝ ጋር ሲዋሃድ ብዙ ፋውንዴሽን ይጠቁራል፤ ፊቷ ወዛም የሆነች ሴት ይህን በግልጽ ታየዋለች። ወዲያው ልክ የመሰለው ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረጃውን ሊያልፍ ይችላል።

ከሱቁ መውጣት ግዴታ ነው። ሱቅ አል-ዓረቢም ሆነ ኦምዱርማን ገበያ፣ በነጭ አምፖል ሥር ያለ ቀለም ደጅ ሲወጣ ሌላ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ፋውንዴሽንን የሚያቀልሙት የብረት ኦክሳይድ ዱቄቶች ሲሆኑ ቆዳን የሚያቀልመው ሜላኒንና ደም ነው፤ ሁለቱ በአንድ ብርሃን ሥር ቢመሳሰሉ በሌላ ብርሃን ሥር ሊለያዩ ይችላሉ። ርካሽ ነጭ አምፖል በቀይ ብርሃን ድሃ ስለሆነ የቆዳሽን ሙቀት ይደብቃል። የካርቱም የቀትር ፀሐይም ደግ ዳኛ አይደለችም፤ ከአናት ወርዳ ሁሉንም ታነጣዋለች። ጥሩው ብርሃን ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማታገኘው ግን ሰማይ የሚታይበት ጥላ ነው። እዚያ ቆመሽ ያለ ፍላሽ አንድ፣ በፍላሽ አንድ ፎቶ አንሺ። ሦስቱን መስመሮች ፈልጊ፤ የምትገዢው ያጣሽውን ነው።

አምስተኛ፦ «ቀላ ብል ያምርብኛል» የሚለውን ሐሳብ መርምሪው

ይህ ከሁሉም የበረታው ተቃውሞ ነው፤ ብዙ ሴት ልኳን አውቃ እንኳ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ የሚገረጣውን ትገዛለች። ስለ ውበት መከራከር ከባድ ስለሆነ በቀለሙ አሠራር ልመልስ። ፋውንዴሽን በመሠረቱ ከአራት ቀለሞች ይቀመማል፦ ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፣ ቢጫው፣ ቀዩና ጥቁሩ የብረት ኦክሳይዶች ናቸው። ገርጣ ያለው ጠርሙስ ውስጥ ነጩ ይበዛል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጠመኔ በስሱ ሲታሽ ነጭ ሳይሆን ግራጫ ይሆናል፤ ጠይም ቆዳ ላይ ነጭ የበዛበት ቀለም በስሱ ሲቀባም እንዲሁ ነው። አመድ የነካው የሚመስለው ፊት የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ የሚገረጣ ፋውንዴሽን ቀይ አያደርግሽም፣ ግራጫ ያደርግሻል እንጂ። ጠይም ዓሣ መሳይ የሚባልበት ቋንቋ ያላት ሴት ጠይምነቷን በአመድ ልትሸፍነው አይገባም።

«ለሠርግ ግን ግድ ነው፣ ፎቶው ጥቁር አድርጎ ያወጣል» ይባላል። መብራት ፊትን እንደሚያጠፋና ቀለም ጠንከር ማለት እንዳለበት እውነት ነው። የሚጠነክረው ግን የከንፈር፣ የጉንጭና የዓይን ቀለም ነው። ፍላሽ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ ሲያርፍ መልሶ ስለሚያበራው፣ በዓይን በጥቂቱ የገረጣ ፊት በፎቶ ላይ ነጭ ጭምብል ይሆናል። ሙሽራዋ ሂና የተሳለባትን እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ የተነሳችውን ፎቶ አስቢው፦ ጣቶቿ ጠይም፣ ጉንጯ የሌላ ሰው። ዕድሜ ልክ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ያ ነው። ፊትሽ እንዲበራ ከፈለግሽ በሙሉ ፋውንዴሽን ሳይሆን በጥቂት ኮንሲለር ከዓይንሽ ሥርና ከአፍንጫሽ ድልድይ ላይ በግማሽ ደረጃ አብሪው፤ ዳሩ ከመንጋጋሽ ጋር እኩል ይቅር።

የሚያቀላ ክሬም የተጠቀመች ሴት ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። እነዚህ ክሬሞች ብዙ ጊዜ ሃይድሮኪኖን፣ ጠንካራ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ይይዛሉ። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸው የውበት ዕቃዎች እንዲቀሩ የወሰነውም ለዚህ ነው። ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፣ ሃይድሮኪኖን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ መልሶ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ፊትሽ ከአንገትሽ የገረጣው በክሬም ከሆነ ከፊትሽ ጋር የሚስማማ ፋውንዴሽን ዛሬ ብትገዢ ከወር በኋላ አይሆንሽም፤ ቆዳሽ እየተለዋወጠ ነው። በአንገትሽ ልክ ምረጪና ስስ አድርገሽ ቀቢ። ስቴሮይድ ያለበትን ክሬም በድንገት ማቆም ቆዳን ሊያስቆጣ ስለሚችል የቆዳ ሐኪም አማክሪ።

ስድስተኛ፦ ልክሽ ካልተገኘ አዋህጂ

«ሱቁ ውስጥ ለእኔ የሚሆን የለም» ማለት ለረጅም ጊዜ እውነት ነበር። ለጥቁር ሴቶች የተዘጋጀው ፋሽን ፌር እ.ኤ.አ. በ1973 እስኪመጣ፣ የሶማሊያዋ ሞዴል ኢማንም እ.ኤ.አ. በ1994 የራሷን ኩባንያ እስክትከፍት ድረስ አማራጩ ጠባብ ነበር። የአዲስ አበባዋ ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የኤስቴ ላውደር መልክ ስትሆን ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2017 ፌንቲ ቢዩቲ በ40 ቀለሞች ገበያ ሲገባ ሌሎችም ለመስፋት ተገደዱ። ዛሬ ልክሽ በዓለም ላይ አለ፤ አንቺ ያለሽበት መደርደሪያ ላይ ላይኖር ግን ይችላል። ያኔ ከአንድ ኩባንያና ከአንድ ዓይነት ፋውንዴሽን በአንድ ደረጃ የሚገረጣውንና የሚጠቁረውን ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ገዝተሽ አዋህጂ። ይህ ማባከን አይደለም፦ ፀሐይ ስትበረታ ጥቁሩን አብዝተሽ፣ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ገርጣውን አብዝተሽ ዓመቱን ሙሉ ትጠቀሚበታለሽ። ውኃ ላይ የተሠራውን ዘይት ላይ ከተሠራው ጋር ግን አታዋህጂ፣ ይቆራረጣል። በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ የታወቀ ስም ስታዪ ማሸጊያውንና የተከፈተ ጠርሙስ ምስል ያለበትን ምልክት እዪ፤ «12» ከተጻፈበት ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ያገለግላል ማለት ነው። ለሙከራ የተከፈተውንም በቀጥታ ከፊትሽ አታገናኚ፤ በንጹሕ ጥጥ ወይም እንጨት ወስደሽ ቀቢ።

ሰባተኛ፦ ለሙቀቱ አዘጋጂው

ልክ የሆነ ቀለምም በ40 ዲግሪ ውስጥ በወፍራሙ ከተቀባ ይፈርሳል፤ ላብ ሲወርድ መንገድ ይከፍትበታል፣ አቧራውም እዚያው ይጣበቃል። በቅድሚያ ሰንስክሪን ቀቢና እስኪገባ ጠብቂ፤ ነጭ የሚያስቀረውን ዓይነት ከመረጥሽ ከላይ የሚመጣውን ፋውንዴሽን ያገረጣብሻል፣ ስለዚህ ሙከራሽንም ከሰንስክሪኑ በላይ አድርጊ። ማዲያት ላለባት ሴት ቀለም የተቀላቀለበት ሰንስክሪን ይሻላል፤ በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ማዲያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከላከላል። ከዚያ ፋውንዴሽኑን ማዲያቱ ወይም ጠባሳው ባለበት ብቻ ጀምረሽ ወደ ውጭ አሳሺው፤ ጤነኛ ቆዳሽ ባዶውን ቢቀር ነውር የለውም። ከግንባርና ከአፍንጫ ላይ ወዙን በስሱ ፓውደር ያዢ። በከሰል ምድጃ አጠገብ ቆመሽ ሻይና ቡና የምታፈዪ ከሆነ ወይም ምግብ ቤት ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ ላቡን አትጥረጊው፤ በለስላሳ ጨርቅ ጫን እያደረግሽ አድርቂው።

ማታ ቤት ስትገቢ፣ ፊትሽን ከመታጠብሽ በፊት ነጠላሽን ወይም ጠርሃሽን አውልቀሽ ዳሩን እዪ። ጨርቁ ላይ ጥቂት መቅረቱ በዚህ ሙቀት አይቀርም። የቀረው ቀለም የአንገትሽን ቆዳ ከመሰለ ምርጫሽ ትክክል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የዋልሽው በራስሽ መልክ ነው። ነጭ፣ ሮዝ ወይም ግራጫ ከሆነ ጠርሙሱን ለሌላ ቀን አስቀምጪና ነገ ጠዋት መንጋጋሽ ላይ ሦስት መስመር ይዘሽ ወደ ጥላው ተመለሺ።